ከብርቱካን እስከ ፊኛ፦ በወጥ ቤት ዕቃዎች የተሠራ አንድ የቅብብሎሽ ቪዲዮ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በቤት ዕቃ የሚሠሩ የቅብብሎሽ ቪዲዮዎችን ብዙ ሰው አይቷል። አንድ ኳስ ይንከባለላል፤ የተደረደረ ነገር ይጥላል፤ የወደቀው ክር ይስባል፤ ክሩ ደግሞ ሌላ ነገር ይለቃል። ሲያዩት ቀላል ነው። ለመሥራት የሞከረ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ላይ ይተወዋል። የሚተወው ሐሳብ ስላጠረው አይደለም። የቱ ጋ እንደሚከሽፍበት ስላልለየ ነው።

ይህ ጉዳይ የሁለት ልጆች ሥራ ነው። የከሸፈውን ነገር አንድ በአንድ እየለዩ ሥራውን ከዳር አድርሰውታል። የሄዱበት መንገድ ሌላውንም ስለሚጠቅም በዝርዝር ጽፌዋለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም። የ14 ዓመቷን እህት «ታላቋ»፣ የ10 ዓመቱን ወንድሟን «ታናሹ» እላቸዋለሁ። እኔ አጎታቸው ነኝ። ድርሻዬ ስልኩን ይዞ መቅረጽ ነበር።

መነሻው

ልጆቹ ለአያታቸው ልደት ቪዲዮ ሊልኩላት ፈለጉ። አያታቸው ርቃ ስለምትኖር በአካል መገኘት አልቻሉም። ሐሳቡ የታናሹ ነው። ቅብብሎሹ በብርቱካን ይጀምርና መጨረሻ ላይ ፊኛ ተነፍቶ «መልካም ልደት» የሚል ካርድ ያቆማል። ታላቋ አንድ ነገር ጨመረች፦ ቪዲዮው ሳይቆራረጥ በአንድ ቀረጻ ማለቅ አለበት። «ከቆረጥነውማ አያቴ አታምነንም» አለች። በዚህ አቋሟ እስከ መጨረሻው ጸንታለች።

እናታቸው ሦስት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። እሳት አይነካም። የመስታወት ጠርሙስ አይገባም። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ የተረፈ ምግብ በሙሉ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ጠቀማቸው። ምስሩ የሚፈስበት ቦታ ንጹሕ ጨርቅ እንዲነጠፍ፣ ብስኩቱም የሚበላ ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። ምግብ ለመጫወቻ ማባከን እኔንም ከልብ ያሳስበኝ ስለነበር ደንቡን ወደድኩት።

የእሳቱ ክልከላ ዝም ብሎ የተጣለ ጥንቃቄ አልነበረም። ታናሹ መጀመሪያ ሻማ ክር እንዲያቃጥል፣ ክሩ ሲበጠስ ደግሞ ዱቄት እንዲደፋ አስቦ ነበር። አየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ ነበልባል ሲያገኝ በቅጽበት ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ሲነገረው ሻማውንም ዱቄቱንም ሠረዛቸው።

የመጀመሪያው ንድፍ

እንዲህ ዓይነት ውስብስብ ቅብብሎሽ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው ካርቱን ሠሪ ሩብ ጎልድበርግ ነው። ከ1883 እስከ 1970 የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ የተማረው ምህንድስና ነበር። የታወቀው ግን አንድን ቀላል ሥራ በረጅምና በተጠማዘዘ መንገድ የሚሠሩ ማሽኖችን በመሣል ነው። ማሽኖቹ ወረቀት ላይ ሁሌም ይሠራሉ። ወለል ላይ ሲመጣ ግን ስበት፣ ሰበቃና ንፋስ አሉ።

የልጆቹ ንድፍ ይህን ይመስል ነበር። ብርቱካን ተዳፋት ላይ ይንከባለላል። ብርቱካኑ የተደረደሩ ብስኩቶችን ይጥላል። የመጨረሻው ብስኩት አንድ ፍሬ ፓስታ ይሰብራል። ፓስታው ሲሰበር የተገለበጠ ጠርሙስ ተከፍቶ ምስር ይፈሳል። ምስሩ ከማስመሪያ በተሠራ ሚዛን ጫፍ ላይ ያለ ኩባያ ይሞላል። ሚዛኑ ሲያዘነብል ውሃ ይደፋል፤ ውሃው አንድ ጣሳ የያዘውን የኩብ ስኳር ያሟሟል። ጣሳው ተንከባሎ በመጠን እያደጉ የሚሄዱ ካርቶኖችን ይገፋል። ትልቁ ካርቶን ሲወድቅ ክር ይስባል። ክሩ አቼቶ ባለበት ጠርሙስ አፍ ላይ የተገጠመውን፣ ቤኪንግ ሶዳ የያዘውን ፊኛ ቀና ያደርገዋል። ሶዳው አቼቶ ውስጥ ይወድቅና ፊኛው ይነፋል።

ችግሩ

ሁሉም ክፍል ለብቻው ሲሞከር ሠራ። ሲገጣጠሙ ግን ቅብብሎሹ ከመሐል አያልፍም። አንዴ ብስኩቱ ላይ ይቆማል፤ አንዴ ምስሩ ይታገዳል፤ አንዴ ጣሳው አቅጣጫ ይስታል። የሚከሽፍበት ቦታ ስለሚለዋወጥ ልጆቹ ነገሩን ለዕድል ሰጡት። ታናሹ «ዛሬ አይቀናንም» ማለት ጀመረ። በእያንዳንዱ ክሽፈት ደግሞ ሁሉም እንደገና መደርደር አለበት። ጊዜው የሚያልቀው በመቅረጽ ሳይሆን በመደርደር ነበር።

ነገሩን የቀየረው የታላቋ ስሌት ነው። ትምህርት ቤት የተማረችውን የመሆን ዕድል አምጥታ ወረቀት ላይ አሰላችው። የሚነካኩትን ነጥቦች ስትቆጥር 20 ያህል ሆኑ። እያንዳንዱ ነጥብ ከመቶ 95 ጊዜ ቢሠራ፣ 20ውም ተከታትለው የሚሠሩበት ዕድል ከመቶ 36 ገደማ ብቻ ነው። 90 ከሆነ ወደ 12 ይወርዳል። 99 ከሆነ ደግሞ ወደ 82 ይወጣል።

ይህ ስሌት ጥያቄውን ቀየረው። «ለምን አይቀናንም?» የሚለው ቀርቶ «ከመቶ 99 የማይሠራው የቱ ነው?» ሆነ። ከዚያ በኋላ ጠቅላላ ሙከራ አቆሙ። አንድ መገናኛ ይመርጣሉ፤ እሱን ብቻ ይደጋግማሉ፤ ያለ ማቋረጥ ደጋግሞ ሲሠራላቸው ወደ ሚቀጥለው ያልፋሉ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*የሚንከባለለው።* መጀመሪያ ላይ ከብርቱካን ይልቅ እንቁላል ሞክረው ነበር። እንቁላል አንድ ጫፉ ስለሚሾጥ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠመዘዛል። ብርቱካንም ፍጹም ክብ አይደለም። ለጥ ባለ ጣውላ ላይ ሲለቀቅ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያመልጣል። መፍትሔው ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ማጣበቅ ሆነ። ብርቱካኑ በሁለቱ መሐል ሲቀመጥ መውጫ የለውም። መነሻውም በእርሳስ ምልክት ተደረገበት። ከዚያው ምልክት ሲለቀቅ በየጊዜው ተመሳሳይ ፍጥነት ይዞ ይደርሳል።

*ብስኩቶቹ።* እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ፈጅተዋል። አራት ማዕዘን ብስኩት ጥሩ ዶሚኖ (ተደርድሮ አንዱ ሌላውን የሚጥል ጠፍጣፋ መጫወቻ) ይመስላል፤ ግን ጠርዙ የተቆራረሰ ስለሆነ ሁሉም እኩል አይቆምም። ልጆቹ እያንዳንዱን አቁመው ፈተሹ። የሚወዛወዘውን ለመብላት ለዩት።

ከዚያም በኋላ ሰልፉ መሐል ላይ ይቆም ነበር። በዓይን ምክንያቱ አይታይም። ሁለተኛ ስልክ ከጎን አስቀምጠን በስሎው ሞሽን፣ በሰከንድ 240 ፍሬም ቀረጽነው። ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። ብስኩቱ ሲገፋ ከመውደቅ ይልቅ እግሩ ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር። ጠረጴዛው ልሙጥ ነው፤ የብስኩቱ ፍርፋሪ ደግሞ የባሰ አንሸራታች አድርጎታል። ከሥር ሸካራ ጨርቅ ወጥረው አነጠፉ። በየደርደራው መሐልም ፍርፋሪውን ጠረጉ። ችግሩ በዚሁ አበቃ። ርቀቱን የብስኩቱን ቁመት ግማሽ ያህል አደረጉት።

አንድ ብልሃት ደግሞ ከዶሚኖ ደርዳሪዎች ወሰዱ። ሲደረድሩ በየመሐሉ ጥቂት ብስኩቶችን ሳያስቀምጡ ክፍተት ይተዋሉ። እጅ ስቶ አንዱን ቢነካ የሚወድቀው እስከ ክፍተቱ ያለው ብቻ ነው። ክፍተቶቹ የሚሞሉት ካሜራው ከመጀመሩ በፊት፣ በመጨረሻ ነው።

*ፓስታው።* ፓስታውን እንደ መቀርቀሪያ ሊጠቀሙበት ነበር። ችግሩ፣ ደረቅ ፓስታ ሲታጠፍ ለሁለት ተሰብሮ አይቀርም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ቁራጭ ይሆናል። ስብርባሪው ተፈናጥሮ ሌላውን ክፍል ያስነሳ ነበር። ይህን ጠባይ ባዚል ኦዶሊ እና ሴባስቲያን ኖይኪርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ2005 አብራርተውታል። የመጀመሪያው ስብራት በፓስታው ውስጥ የመታጠፍ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ሌላ ቦታ ደግሞ ይሰብረዋል። ልጆቹ ይህን ሳነብላቸው በጣም ደስ አላቸው። ፓስታውን ግን ከመቀርቀሪያነት አወጡት። በምትኩ የመጨረሻው ብስኩት የጠርሙሱን አፍ የዘጋውን የካርቶን ቁራጭ በቀጥታ ገፍቶ ያስወጣዋል።

*ምስሩ።* ጠርሙሱ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ታችኛው ክፍሉ ተቆርጦ በአንገቱ ተዘቅዝቋል። መጀመሪያ ክዳኑን በስተው ምስሩ በቀዳዳው እንዲፈስ ሞከሩ። ምስሩ ጥቂት ይፈስና ይታገዳል። ፍሬዎቹ ቀዳዳው ላይ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ድልድይ ቅስት ይሠራሉ፤ ከላይ ያለው ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል። ቀዳዳው ከፍሬው ወርድ ቢያንስ አምስት ስድስት እጥፍ ሲሆን መታገዱ በጣም ይቀንሳል። ክዳኑን አውጥተው ሙሉውን የጠርሙስ አንገት ተጠቀሙ።

ምስር ከውሃ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ውሃ ዕቃው ውስጥ ሲጎድል የሚፈስበት ፍጥነት ይቀንሳል። ጥራጥሬ ግን ዕቃው ሙሉም ሆነ ጎደሎ፣ በአንድ ቀዳዳ የሚፈሰው በእኩል ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል። የአሸዋ ሰዓት የሚሠራውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ የሚያዘነብልበትን ቅጽበት መገመት ተቻለ። ካሜራ ለሚይዝ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

*ስኳሩ።* ይህ አልተሳካም። የኩብ ስኳር ክምር በሞቀ ውሃ ቶሎ፣ በቀዘቀዘ ውሃ በዝግታ ይሟሟል። ውሃው እስኪደፋ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጊዜውን ይቀይረዋል። ሲሟሟም ክምሩ በየትኛው በኩል እንደሚናድ አይታወቅም። ጣሳው በተናደበት አቅጣጫ ይሄዳል። በዚያ ላይ ተመልካች ምንም ሳይንቀሳቀስ ቁጭ ብሎ ስኳር ያያል። ታናሹ ይህን ክፍል ከሁሉም ይወደው ስለነበር ለመተው ከብዶታል። በመጨረሻ ግን «ለአያቴ ሌላ ቀን እንልክላታለን» ብሎ ራሱ አነሳው። ሚዛኑ አሁን በቀጥታ ከጣሳው ፊት ያለውን መከልከያ ያነሳል።

*ጣሳው።* የቲማቲም ድልህ የያዘ ጣሳ ዝግ ብሎ ይንከባለል ነበር። ቀጭን ሾርባ የያዘ፣ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ጣሳ ፈጠነ። ድልሁ ወፍራም ስለሆነ ከጣሳው ጋር አብሮ ይዞራል፤ ማዞሩ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ቀጭኑ ፈሳሽ ግን ቆርቆሮው ብቻ ሲዞር እሱ ውስጥ ሆኖ ወደ ፊት ይሄዳል። ልጆቹ ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን ለቀው አወዳደሩ። የሾርባው አሸነፈና ቦታውን ያዘ።

*ካርቶኖቹ።* በ1983 ሎርን ዋይትሄድ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ዶሚኖ በሁሉም በኩል አንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጠውን ዶሚኖ መጣል እንደሚችል አሳይቷል። ልጆቹ ይህን እንደ ጣሪያ ወሰዱት። ከትንሽ የሻይ ካርቶን ጀምረው እስከ ትልቁ የቁርስ እህል ካርቶን ድረስ በማስመሪያ እየለኩ መረጡ። ክብደቱንም ማየት ነበረባቸው። ሙሉ የሆነ ካርቶን ግትር ነው። ትልልቆቹን ባዶ አደረጓቸው፤ ትንንሾቹን ሙሉ ተዉአቸው።

*ፊኛው።* አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ 5 ግራም ያህል ነው። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህ መጠን ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ጋዝ ይሰጣል። ሶዳው ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ልጆቹ መጀመሪያ አቼቶውን በጥቂቱ፣ ሶዳውን በብዛት ያደርጉ ነበር። ግማሹ ሶዳ ሳይነካ ታች ይቀራል። መጠኑ ሲስተካከል ፊኛው ካርዱን ለማቆም በቂ ሆነ።

ሌላው እንቅፋት እርጥበት ነበር። ፊኛው ውስጡ ትንሽ እንኳ ከረጠበ ሶዳው ተጣብቆ አይወርድም። ስለዚህ በየሙከራው አዲስና ደረቅ ፊኛ ይደረጋል። አስቀድሞ በእጅ ይለጠጣል እንጂ በአፍ አይነፋም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። የአቼቶው ጠርሙስ የፕላስቲክ ብቻ ነው፤ አፉም ከፊኛ በቀር በምንም አይዘጋም። አጥብቆ የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ጋዙ መውጫ አጥቶ ሊያፈነዳው ይችላል።

ካሜራው

ልጆቹ ቅብብሎሹን መጀመሪያ የዘረጉት ቀጥ ባለ መስመር ነበር። ያንን ለመቅረጽ ጎን ለጎን መራመድ ያስፈልጋል። ሲራመዱ ምስሉ ይናጣል፤ ወለሉ ይነቃነቃል፤ ቆሞ የነበረ ካርቶንም ይወድቃል። ሙሉውን በግማሽ ክብ እንዲዘረጉት ሐሳብ አቀረብኩ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ዝም ብዬ እዞራለሁ። ሁሉም ነገር ከስልኩ በእኩል ርቀት ላይ ስለሆነ ፎከሱ አይለወጥም። ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ለቪዲዮው ጥራት ይበልጥ የረዳው ይህ ይመስለኛል።

ስልክ በራሱ ሲተው ብርሃንና ፎከስ ያስተካክላል። ነጭ ካርቶን ሲመጣ ምስሉን ያጨልማል፤ ጠቆር ያለ ነገር ሲመጣ ያበራዋል። ከመጀመሬ በፊት ስክሪኑን ተጭኜ ሁለቱንም ቆለፍኳቸው። የምስል መደብዘዝም ነበር። ብርቱካኑ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢጓዝና ሻተሩ (የካሜራው ብርሃን ማስገቢያ) ለ1/60 ሰከንድ ቢከፈት፣ በዚያች ቅጽበት 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ምስሉም ያን ያህል ይደበዝዛል። ሻተሩ 1/250 ሲሆን መደብዘዙ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የሚገባው ብርሃን ግን በአራት እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሥራውን ወደ መስኮቱ አስጠጋነው። የመስኮት ብርሃን እንደ አንዳንድ አምፖሎች ምስሉን አያንቀጠቅጥም። መስኮቱ ግን ተዘግቶ ነው፤ ትንሽ ንፋስ ሰልፉን ይጥለዋል።

አጀማመሩም ሥርዓት ያስፈልገው ነበር። ታናሹ ካሜራው ሳይነሳ ብርቱካኑን እየለቀቀ ሙሉ ድርደራ ይባክን ነበር። ሁለት ቃል ተስማማን። እኔ መቅረጽ መጀመሬን አይቼ «ተነስቷል» እላለሁ። ታላቋ ሙሉውን በዓይኗ ቃኝታ «ሁሉ ልክ» ትላለች። ከዚያ በፊት ብርቱካኑ አይነካም።

ውጤቱ

የተላከው ቪዲዮ አንድ ቀረጻ ነው፤ አልተቆረጠም። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሚዛኑ ላይ ምስሩ ሲሞላ ትንሽ ይዘገያል። ጣሳው ደግሞ የመጀመሪያውን ካርቶን በጠርዙ ነው የነካው፤ ካርቶኑ ሊወድቅ አይወድቅ እያለ አንድ አፍታ ተወዛወዘ። ልጆቹ ይህንን ጉድለት ብለው ሌላ ሊቀርጹ አስበው ነበር። አይተውት ግን ተዉት፤ ትንፋሽ የሚያስይዘው ያ ቦታ ነው።

ሙዚቃ ለመጨመር የነበረውን ሐሳብም ሠረዙት። የብስኩቱ መንኳኳት፣ የምስሩ መንሿሿትና መጨረሻ ላይ የልጆቹ ጩኸት ከማንኛውም ሙዚቃ በለጡ። ስሎው ሞሽኑ ክሽፈት ለመመርመር ጠቅሟል። ለዋናው ቪዲዮ ግን አልሆነም፤ የነገሩ ፍጥነት ይጠፋል።

ምስሩ ተለቅሞና ታጥቦ በማግሥቱ ተቀቅሏል። ብስኩቱ ሳይመሽ አልቋል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፍ

ክፍሎቹ ሳይሆኑ መገናኛዎቹ ናቸው የሚከሽፉት። ጨርቁ ከተነጠፈ በኋላ ብስኩት ብስኩትን መጣሉ ብዙም አያሳስብም፤ ብስኩት ካርቶን ሲገፋ፣ ሚዛን ጣሳ ሲለቅ ነው ችግሩ። የዝግጅት ጊዜን አብዛኛውን እዚያ ላይ ማዋል ያዋጣል።

ስሌቱ እርከን ለመቀነስም ድፍረት ይሰጣል። ስኳሩን ማንሳት አንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን ሁለት አስቸጋሪ መገናኛ ነው ያስወገደው። ረጅም ቅብብሎሽ ደስ ይላል፤ የሚጨርስ ቅብብሎሽ ግን ይበልጣል።

እርግጠኛ ያልሆነው ክፍል የት ይቀመጥ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈውን በተቻለ መጠን ወደ መጀመሪያው አመጡት። ብርቱካኑ ቢስት የሚደረደረው ጥቂት ነው። ፊኛው መጨረሻ ላይ መሆን ስላለበት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ደጋግመው የሞከሩት እሱን ነው።

መልሶ መደርደሩም እንደ አንድ ሥራ መታቀድ አለበት። ታላቋ የእያንዳንዱን ነገር ቦታ በጨርቁ ላይ በጠመኔ አስምራ፣ ሲያልቅ የነበረውን ቅርጽ በስልክ ፎቶ አንስታ ነበር። ለፊኛው የሚሆን ሶዳ አስቀድሞ በየወረቀቱ ተመዝኖ ተጠቅልሏል። ከዚያ ወዲህ አንድ ክሽፈት ማለት ጥቂት ደቂቃ ማለት ብቻ ሆነ። ታናሹም ብርቱካኑ ሲስት ማኩረፉን ትቶ፣ ቀድሞ ወደ ሐዲዱ የሚሮጠው እሱ ሆነ።